በአሥራ ሦስተኛው ወር የተወለደች ተማሪ

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ማማ ሪሲቲ» ይሉኝ ነበር፤ የደረሰኝ እናት ለማለት ነው። ስሙን ያወጣልኝ ሾፌራችን ነው። ከመስክ ሲመለስ ያመጣው የምሳ ደረሰኝ ላይ ቀኑ ተደልዞ አግኝቼ ሦስት ቀን ሙሉ ነዝንዤው ነበር። ስሙ ከሾፌሩ ወደ ጥበቃዎቹ፣ ከጥበቃዎቹ ወደ አለቃዬ ተላለፈና ጸደቀልኝ። እኔም አልጠላሁትም። በሰው አገር የሚፈራኝ ሰው በማግኘቴ እንደ ማዕረግ ነበር የቆጠርኩት። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ሥራዬ ናይሮቢ፣ ዌስትላንድስ የሚባል ሰፈር ያለ ሕንጻ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ የትምህርት ቤቶችን ወረቀት ማንበብ ነው። ኬንያ ውስጥ መንግሥት ለአንድ ትምህርት ቤት ገንዘብ የሚሰጠው በተማሪው ቁጥር ልክ ነው። ልጁ በመንግሥት መዝገብ ላይ ካለ ገንዘቡ ይመጣል፤ ከሌለ አይመጣም። መዝገቡ ላይ ለመግባት ደግሞ የልደት ወረቀት ቁጥር ያስፈልጋል። እዚህ ካሉ የስደተኛ ልጆች ብዙዎቹ ይህ ወረቀት የላቸውም። ስለዚህ ዴስክ ላይ ተቀምጠው፣ ደብተር ገልጠው፣ እጃቸውን አውጥተው እየመለሱ፣ በመንግሥት ዓይን የሉም። ያን ቀዳዳ የሚደፍነው እኔ የምሠራበት የእርዳታ ድርጅት ነው። ለእነዚያ ልጆች መንግሥት ሊከፍል ይገባው የነበረውን እኛ እንከፍላለን።

በምላሹ ርእሰ መምህራኑ በየተርሙ የወረቀት ክምር ይልካሉ። የተማሪዎች ዝርዝር፣ የባንክ መግለጫ፣ የግዢ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ፣ ደረሰኝ በደረሰኝ ላይ። እኔ ደግሞ እንክርዳዱን እለቅማለሁ። ዝርዝሩ ውሸት ሆኖ ከተገኘ ገንዘቡ ይቆማል፤ ለካውንቲው፣ ለአካባቢው አስተዳደር፣ የትምህርት ቢሮም ደብዳቤ ይጻፋል። ያ ደብዳቤ አንድን ርእሰ መምህር ከእንጀራው ሊያፈናቅል እንደሚችል አውቅ ነበር። አላውቅም ነበር ብዬ አልዋሽም።

ውሸትም አለ። የሌለ ተማሪ ጽፎ ገንዘቡን የሚበላ ርእሰ መምህር ገጥሞኛል። አንዱማ የሦስት ጎረምሳ የልጅ ልጆቹን ስም ደጋግሞ ጽፎ ግሬድ ዋን አስገብቷቸው ነበር። እነሱን የያዝኳቸው እኔ ነኝ። እንዲህ ያሉትን የሌሉ ልጆች የወረቀት ተማሪ እላቸዋለሁ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እያልኩ ማታለልን በአፍንጫዬ የማሸት ይመስለኝ ነበር። ሰው ጥቂት ጊዜ ትክክል ሲሆን ዕድሜ ልኩን ትክክል የሚሆን ይመስለዋል።

በዚያ ተርም ስደተኛ ከሚበዛበት ሰፈር ከኢስሊ አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዝርዝር መጣ። ርእሰ መምህሯን አላውቃትም፤ ከዚያ በፊት ለሁለት ዓመት ንጹሕ ሪፖርት ስትልክ የቆየች ኬንያዊት ሴት መሆኗን ብቻ ከፋይሉ አይቻለሁ። እኛ ዘንድ ለልጆቹ ደኅንነት ሲባል የስደተኛ ተማሪ ስምም ዜግነትም አይላክም። በስሙ ፈንታ ኮድ ይሰጠዋል። ስለዚህ በፊቴ የነበረው ኮድ፣ ክፍል፣ ጾታና የልደት ቀን ብቻ ነው።

ኮምፒውተሩ ዕድሜያቸውን ሲያሰላ በዚያ ተርም አዲስ ከገቡት አሥር ልጆች ቀልተው ወጡ። ግሬድ ፎር ውስጥ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ። ግሬድ ፋይቭ ውስጥ የሃያ ዓመት። ግሬድ ዋን ውስጥ የአሥራ አራት። በስደተኛ ዘንድ ዕድሜው ያለፈ ተማሪ ብርቅ አይደለም፤ ጦርነት ዓመት ይበላል። ይህን ስለማውቅ ለጊዜው እጄን ሰበሰብኩ። ከዚያ ግን አሥራ አንደኛዋን አየኋት። ግሬድ ሲክስ፣ ሴት፣ የልደት ቀን፤ ሦስት፣ በአሥራ ሦስተኛው ወር። ኮምፒውተሩ ዕድሜዋን ማስላት አቅቶት ስህተት የሚል ምልክት ጥሎባታል።

ሳቅሁ። ጮክ ብዬ ነው የሳቅሁት። ርእሰ መምህሯ ልጅ ስትፈጥር ዓመት ስንት ወር እንዳለው እንኳ ረሳች አልኩ።

ይህን የሚያነብ ሐበሻ ሁሉ አሁን ገብቶታል። እኔ አልገባኝም። አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው ነገር ለእኔ አልታየኝም። ጳጉሜ ሲገባ እናቴ ጎሕ ሳይቀድ ቀስቅሳን በቀዝቃዛ ውሃ ታጥበን ያደግን ልጆች ነን። የአሥራ ሦስት ወር አገር ልጅ ሆኜ በአሥራ ሦስተኛው ወር ሳቅሁ።

እንዴት እንደሆነ ራሴን ብዙ ጠይቄያለሁ። ናይሮቢ ከገባሁ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። እንቁጣጣሽን የማከብረው ቤተ ክርስቲያናችን ለሠራተኛው እንዲመች ብላ በገፋችው ቅዳሜ ነው። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደውሎ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ብሎ ቢጠይቀኝ በስልኬ ካልፈለግኩ አልመልስም። የእናቴን ሙት ዓመት እንኳ የማስታውሰው በፈረንጅ ቀን ነው። ይህ ሁሉ ግን ሰበብ ነው። እውነተኛው ምክንያት ሌባ እየፈለግኩ መሆኔ ነበር፤ ሌባ የሚፈልግ ዓይን ደግሞ ሌላ ነገር አያይም።

በሻይ ሰዓት ለሥራ ባልደረቦቼ ነገርኳቸው። «በአሥራ ሦስተኛው ወር የተወለደች ተማሪ አግኝቻለሁ» ስል ሻያቸው እስኪያንቃቸው ሳቁ። ኬንያውያን ናቸው፤ ምን ይወቁ። አርብ አርብ ሁርሊንግሃም ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት ከአገሬ ልጆች ጋር ምሳ እበላ ነበር። ያን አርብ ሥራ በዝቶብኝ ቀረሁ። ሄጄ ይህንኑ ቀልድ ብነግራቸው ኖሮ እጃችን ሳይታጠብ ጉዴን ይነግሩኝ ነበር።

ቀልዱ ከመድረቁ በፊት ወደ ርእሰ መምህሯ ደወልኩ። የተነጋገርነው እንደ ናይሮቢ ልማድ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በስዋሂሊ ነው። ድምፅዋ የደከመው አስተማሪ ድምፅ ነበር፤ ከኋላዋ ልጆች ይንጫጫሉ።

«ምዋሊሙ» አልኳት፣ መምህርት ለማለት፤ «እነዚህ አሥራ አንድ ልጆች አሉ?»

«አሉ ማዳም።»

«የሃያ ዓመት ልጅ ግሬድ ፋይቭ አለ?»

«የሃያ ዓመት? የለም። ትንንሽ ልጆች ናቸው። ከወላጆቻቸው ወረቀት ላይ ያለውን ነው የገለበጥኩት።»

«በአሥራ ሦስተኛው ወር የተወለደችውንም ከወረቀት ላይ ነው የገለበጡት?»

ዝም አለች። ያን ዝምታ ጥፋቷን እንዳመነች ቆጠርኩት።

«ማዳም» አለች፣ «ዛሬ ሁሉም ክፍል ውስጥ ናቸው። ካሪቡ፣ ይምጡና ይዩዋቸው። አሁን ቢነሱ ለምሳ ይደርሳሉ።»

«እኔ የምሠራው በሰነድ ነው» አልኳት።

ከዌስትላንድስ ኢስሊ ሁለት ማታቱ፣ እኛ ታክሲ የምንለው ሚኒባስ፣ መያዝ ነው። አንዱ ወደ ከተማ ያወርዳል፣ ሌላው ከከተማ ያደርሳል። የቢሮ መኪናም ነበረን። ግን ኢስሊ እንደ እኔ ደህናው ሰፈር ኪሊማኒ ተከራይተን ለምንኖር ሐበሾች ሩቅ ነው፤ የሚያርቀውም መንገዱ አይደለም። እዚያ የሚኖሩት ወረቀት የሚጠብቁት ናቸው፤ እኛ ወረቀት የምንሰጥ ነን። በዓል ሲሆን በቤተ ክርስቲያን በኩል ዘይትና ዱቄት እንልክላቸዋለን። ቤታቸው ግን አንሄድም።

ለርእሰ መምህሯ ደብዳቤ ጻፍኩ። የልጆቹን የልደት ማስረጃ እስከ ሐሙስ ከቀትር በኋላ አሥር ሰዓት እንድትልክ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሰነድ እንደማይታይ። «ከቀነ ገደብ በኋላ የመጣ ሰነድ አይከፈትም» የሚለውን የመመሪያ አንቀጽ ያረቀቅኩት እኔው ራሴ ነኝ፤ ርእሰ መምህራን ጊዜ ሲያገኙ ደረሰኝ ይፈበርካሉ ብዬ። ከደብዳቤው ግርጌ ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ሐሙስ አሥር ሰዓት አለፈ፤ ምንም አልመጣም። ለወጉ እስከ አሥራ አንድ ጠበቅኩ። አርብ ጠዋት ኢሜይል ገባ። የተያያዙ ፋይሎች ነበሩት። ከላይ አንድ መስመር ጽፋለች፤ «ማዳም፣ እርስዎ እንደሚገባዎት ወላጆቹ ነግረውኛል።» የለማኝ ቃል መሰለኝና ተናደድኩ። ሰው ማስረጃ ሲያጣ ርኅራኄ ይጠይቃል አልኩ በሆዴ። ፋይሎቹን አልከፈትኳቸውም። «ዘግይቶ የደረሰ» ብዬ ወደ ማኅደሩ ወረወርኳቸውና ሪፖርቴን ጨረስኩ። ሪፖርቱ ውስጥ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ ዛሬም ቃል በቃል አስታውሳታለሁ። «የቀረበው ዝርዝር በማንኛውም የዘመን አቆጣጠር የሌለ ወር ይዟል።» በማንኛውም የዘመን አቆጣጠር! አለቃዬ ይህቺን አንብቦ በእርሳስ አሰመረባትና ዳር ላይ «ግሩም» ብሎ ጻፈልኝ።

ገንዘቡ ቆመ። ደብዳቤው ለካውንቲው ቢሮ ሄደ። ርእሰ መምህሯ ጉዳይዋ እስኪጣራ ከሥራ ታገደች። በቦታዋ የተተካው ምክትሏ ጠንቃቃ ሰው ኖሮ፣ ጣጣ ውስጥ ላለመግባት አሥራ አንዱንም ልጆች ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ካልመጣችሁ ብሎ ሰደዳቸው። ወላጆቹ ሲመጡ ደግሞ ስማችሁ በማጣራት ላይ ነው አላቸው። ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው። ያኔ የሰማሁት ቢኖር ከአለቃዬ ምስጋና ብቻ ነው።

ከአምስት ወር በኋላ የዓመቱን ፋይሎች ለማኅደር ማዘጋጀት ነበረብኝ። ሥራው አሰልቺ ነው፤ እያንዳንዱን ሰነድ ከፍቶ ርእሱን መጻፍ ነው። ያንን ኢሜይል ከፈትኩ፣ የመጀመሪያውን ፋይል ከፈትኩ፣ አማርኛ ነው።

አማርኛ። በሰባተኛው ፎቅ፣ በዚያ ስክሪን ላይ፣ በሥራ ሰዓት አማርኛ አይቼ አላውቅም። የጤና ጣቢያ የክትባት ካርድ ነው፤ ጠርዙ ተቀዷል፣ አንድ ጎኑ ውሃ ነክቶታል። የትውልድ ቀን የሚለው ላይ በቁጥር፤ ሦስት፣ አሥራ ሦስት፣ ዓመተ ምሕረቱ። ቀጥሎ የክርስትና ምስክር ወረቀት አለ። እዚያ ላይ ደግሞ በፊደል ተጽፏል፤ ጳጉሜ ሦስት። ሌሎቹን ከፈትኳቸው። ሁሉም የእኛው ናቸው። ከያንዳንዱ ዕድሜ ላይ ሰባት ስምንት ዓመቱን ቀነስኩ። የሃያ ዓመቱ የግሬድ ፋይቭ ጎረምሳ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆነ። የአሥራ አራት ዓመቱ የግሬድ ዋን ተማሪ ስድስት ዓመት አልፎት ሰባተኛውን ይዟል። የጳጉሜዋ ልጅ አሥራ ሦስት። አንድም ውሸት አልነበረበትም።

ሽንት ቤት ገብቼ ቆለፍኩና አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለልጆቹ ቢሆን ደስ ባለኝ፤ መጀመሪያ ያለቀስኩት ግን ለራሴ ነው፣ ስለ ተዋረድኩ። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የምትለውን ተረት እናቴ እኔን እያየች ትናገራት ነበር።

ፊቴን ታጥቤ ወደ አለቃዬ ገባሁ። ኬንያዊ ነው፣ ደግ ሰው ነው፣ በሩ ክፍት ነው። የዘመን አቆጣጠራችንን በወረቀት ላይ እየሣልኩ አስረዳሁት። በጥሞና ሰማኝ። «አሥራ ሦስት ወር?» አለ፤ ተገረመ፣ ፈገግ አለ። ከዚያ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገና «ፖሌ ሳና» አለኝ፤ አዝናለሁ ማለቱ ነው። «ግን ውሳኔው ልክ ነው። ሰነዱ ዘግይቶ ነው የመጣው። ባንቺ አንቀጽ መሠረት።»

«አንቀጹ ልክ አይደለም» አልኩት።

«ሊሆን ይችላል። የሚቀጥለው ዓመት እናሻሽለዋለን።»

ጮህኩ። በሰባተኛው ፎቅ በደረሰኝ ጉዳይ ብቻ ነበር የምጮኸው፤ ያን ቀን በአለቃዬ ላይ ጮህኩ። አልተቆጣኝም። ማረሚያ ደብዳቤ እንድጽፍ ፈቀደልኝ፣ ጻፍኩ፣ እሱ «ስህተት» የሚለውን ቃል አወጣና «ማብራሪያ» ብሎ ላከው። ከካውንቲው ቢሮ መልስ ለመምጣት ሁለት ወር ፈጀ። ማብራሪያው ተመዝግቧል ይላል። ርእሰ መምህሯ ከእገዳው ተነሥታ ከናይሮቢ ውጪ ወዳለ ትምህርት ቤት በተራ አስተማሪነት ተመድባለች። ለትምህርት ቤቱ ገንዘቡ ተለቀቀ፤ ግን በመዝገብ ላሉት ልጆች ብቻ። ከአሥራ አንዱ ተመልሰው የተመዘገቡት አራት ናቸው። የጳጉሜዋ ልጅ ከአራቱ ውስጥ የለችም። የግሬድ ሲክስ መጨረሻ ፈተና በዚያው መሃል አልፏታል።

ለርእሰ መምህሯ ደወልኩ። አነሳች። ስሜን ነገርኳት፣ ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ምን እንደተፈጠረ አንድ በአንድ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«ማዳም፣ ይምጡና ይዩዋቸው ብዬዎት ነበር» አለች። ሌላ ምንም አላለችም። ልጆች ክፍል እየገቡ ስለሆነ መዝጋት አለብኝ ብላ ዘጋች።

ከዚያ በኋላ ነው የጳጉሜዋን ልጅ እናት የፈለግኳት። ስልክ ቁጥሯ የክትባት ካርዱ ጀርባ ላይ ተጽፏል። ከድርጅቱ ነኝ አልኳት፤ ልጅሽን ወደ ትምህርት ቤት ስለመመለስ ልናነጋግርሽ እንፈልጋለን። ስሜን አልነገርኳትም። ኢስሊ ጸጉር ቤት ውስጥ እንደምትሠራ፣ በማንኛውም ቀን እንደማገኛት ነገረችኝ። በማግስቱ ሁለት ማታቱ ይዤ ሄድኩ። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም።

ጸጉር ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ትልቅ መስታወት። እናትየው ከእኔ አሥር ዓመት ታንሳለች። አንዲት ወጣት ኬንያዊት አስቀምጣ ሹሩባ እየሠራች ነበር፤ ደንበኛዋ ስልኳ ላይ አቀርቅራለች። እናትየው ስታየኝ ፊቷ በራ። በርጩማ አቀረበችልኝ፣ ሻይ ላስመጣልዎ አለች፣ እጇ ግን ከጸጉሩ አልተላቀቀም።

«ከድርጅቱ አንድ ሐበሻ ልከው አያውቁም ነበር» አለችኝ። «ዛሬስ እግዚአብሔር ነው የላከዎት።»

ልጅቷ አሁን የት እንዳለች ጠየቅኳት። ሕንጻው ውስጥ የጎረቤት ሕፃናት ትጠብቃለች አለች፤ «ምሳ ይዛልኝ ትመጣለች፣ ያዩዋታል።» ግሬድ ሲክስን እንደገና ልትጀምር ከቻለች እንዲሞከርላት ለመነችኝ። እሞክራለሁ አልኳት፤ ይህንንስ ከልቤ ነበር። ከዚያ ወረቀቱ ለምን እንደዘገየ ጠየቅኳት። አሁን ሳስበው ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም። ምናልባት ከጥፋቱ ትንሽ እንድታነሳልኝ ፈልጌ ይሆናል።

ሳቅ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

«የኛ ጅልነት ነው። ምዋሊሙ ደብዳቤውን ይዛ ሰበሰበችን። አነበበችልን። ከታች የፈረመችውን ሴትዮ ስም ስናይ የኛ ስም ነው፤ ስሟም የአባቷም ስም የሐበሻ። ተገላገልን አልን። አንዷማ እዚያው እልል ብላለች።»

እሷ ጸጉሩን በሦስት ከፍላ መጎንጎን ቀጠለች።

«ምዋሊሙ ግን ጠንቃቃ ሴት ናት። እኛ አሥራ ሦስት ወር እንዳለን፣ ዓመቱም እንደሚለይ ስንነግራት፣ ይህን በደንብ ጽፌ ከወረቀቱ ጋር ልላክላት አለች። የከለከልኳት እኔ ነኝ። ‹ለሐበሻ ጳጉሜን ልታስረጂያት ነው? ስድብ ነው የሚሆንባት፤ ስታየው ይገባታል› አልኳት። ሐሙስ አምጡ ነበር የተባልነው። ሐሙስ ሥራ ነበረብን። የኛው ሰው ናት፣ ለአንድ ቀን አትጨክንብንም ተባብለን ማታ ለምዋሊሙ አደረስንላት። እሷም በማግስቱ ላከችው።»

መስታወቱ ውስጥ ሦስታችንም እንታያለን። እኔ ራሴን ላለማየት የደንበኛዋን ስልክ አያለሁ። ተነሥቼ መሄድ እችል ነበር። ልጅቷን የማስመዝገቡን ነገር በስልክ እጨርስ ነበር፣ እናትየውም ዕድሜ ልኳን ትመርቀኝ ነበር። ምርቃቱ ነው ያስፈራኝ።

«ያቺ ሴትዮ እኔ ነኝ» አልኳት።

እጆቿ ቆሙ። የተጀመረው ጉንጉን በጣቶቿ መሃል እንደተያዘ ቀረ። ደንበኛዋ ከስልኳ ቀና ብላ በመስታወቱ አየቻትና «ኩና ሺዳ?» አለቻት፤ ችግር አለ?

«ሃኩና» አለች እናትየው። የለም። ግን አልቀጠለችም።

«አታውቂም ነበር?» አለችኝ። እርስዎ ማለቷን ትታለች።

«አውቃለሁ። ሳየው ግን አልታየኝም። ወረቀቱንም አልከፈትኩትም።»

«አልከፈትሽውም።»

«አልከፈትኩትም።»

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። እሷ ግን ወደ ጸጉሩ ተመለሰች። ካቆመችበት ያዘችና በዝግታ መጎንጎን ጀመረች፤ ድምፅዋም ዝቅ አለ።

«ልጄ ልትመጣ ነው። እንዳትነግሪያት።»

«ይቅርታ ልጠይቃት...»

«እንዳትነግሪያት አልኩሽ። ያን ጊዜ ምግብ እንቢ ብላ ነበር፣ ‹ምን አጠፋሁ?› እያለች። ‹አንቺ ምንም አላጠፋሽም፤ የኛን አቆጣጠር የማያውቅ ፈረንጅ ነው፣ ባያውቅ ነው› ብያታለሁ። በሱ ነው የተጽናናችው። እያወቀ የሠራው አለ ብዬ ምን ላደርጋት ነው? እንደዚያው ይቅርላት።»

እሺ አልኳት። ምዝገባውን በስልክ እንጨርሳለን አልኳት፤ ራሷን ነቀነቀች፣ ቀና ብላ ግን አላየችኝም። ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ።

ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ አንዲት ቀጭን ልጅ በጨርቅ የተቋጠረ ሳህን በሁለት እጇ ይዛ ስትወጣ አገኘኋት። ግድግዳውን ተጠግታ አሳለፈችኝ። ፊቴን አየት አደረገችና የአገሯ ሰው መሆኔን ስታውቅ ጎንበስ አለች።

«እንደምን ዋሉ?» አለችኝ።

አማርኛ እንደማያውቅ ሰው በስዋሂሊ «ንዙሪ»፣ ደህና፣ ብያት ወረድኩ።